«እርጅና ነው» የሚባለው ፍርድ

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ የአንዲት አሮጊት እጅ ነው። እጁ የአያቴ ነው። እኛ አርሲዎች ሴት አያትን «አኮ» እንላለን፤ እዚህም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

አኮ ይኖሩ የነበረው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከሳጉሬ አለፍ ብሎ ባለው የገብስ አገር ነበር። አገሩ ደጋ ነው፤ በጋው ማለዳ ውርጭ፣ ክረምቱ ጭቃ ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ለእረፍት በመጣሁበት አንድ ክረምት፣ አኮ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ለማድረግ ውሃ ይዘው ከደጃፍ ሲወጡ አዳለጣቸውና ወደቁ። ከገደል አልወደቁም፤ ከፈረስም አልወደቁም፤ ከቆሙበት ነው የወደቁት። በእጃቸው መሬቱን ተመረኮዙ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ቤተሰቡ ወጌሻ ይጠራ አለ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ ሐኪም ቤት ካልሆነ አልኩ፤ ረታሁም። በመንገዳችን ወደምትገኝ ከተማ፣ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ነበር። በኦሮምኛ አነጋገራቸው፤ ራጅ አስነሳ፤ አጥንቱን በቦታው መልሶ ጀሶ አሰረላቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጀሶው ሲፈታ እጁ ቀጥ ብሎ ድኖ አገኘነው። አኮ መረቁት። ከምርቃቱም አያይዘው አንድ ነገር ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ይህን ያህል ትንሽ መውደቅ እንዴት ሰበረኝ? ያኔ በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ እንኳ አልተሰበርኩም።»

ሐኪሙ ፈገግ አለና «አኮ፣ እርጅና ነዋ!» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ አኮ ከመደብ ሊነሱ ሲሉ በጎናቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። በዚያን ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤተሰቡ «በዚህ ዕድሜ ምን ቢላዋ ያስፈልጋል?» ብሎ ወጌሻ ጠራ። ወጌሻው የሚችለውን አደረገ። አኮ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ቆመው አልሄዱም። ሶላታቸውን ተኝተው በጥቅሻ ይሰግዱ ጀመር። ጀርባቸው ቆሰለ። የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት፣ የክብሯና የመብቷ ምልክት የሆነችው ሲንቄያቸው ከራስጌያቸው ተሰቅላ ነበር፤ ምርኩዝ ይሁንዎ ቢሏቸው «ሲንቄ ምርኩዝ አይደለችም» ብለው እምቢ አሉ። በሰባተኛው ወር ወደ አኼራ ሄዱ። ለቅሶ ደራሹም ያው የምናውቀውን ቃል ተናገረ፤ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!»

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማወራው አያቴን ለማልቀስ አይደለም። ሐኪሙንም ለመክሰስ አይደለም፤ እጃቸውን አሳምሮ ጠግኗልና። ነገሩ ወዲህ ነው፤ አኮ ጥያቄ ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱ ያልተሰጣቸው ሐኪሙ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን መልስ የሚያሻው ጥያቄ መሆኑን ስላላወቀ ነው። ለመሆኑ ሰው ባላወቀው ነገር ይጠየቃል ወይ? የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው።

ሕክምናው የሚያውቀውን አስቀድመን እንይ። ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት በእኛ ቋንቋ የአጥንት መሳሳት ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይገነባል። ሴት የወር አበባዋ ሲቋረጥ ማፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጥና አጥንቷ ከውስጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ሕመም የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. የበሽታውን መለኪያ አውጥቷል። በዓለም ዙሪያ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ፣ ከወንዶች ደግሞ ከአምስቱ አንዱ በቀሪ ዘመናቸው በዚህ ሳቢያ ስብራት እንደሚደርስባቸው ይገመታል።

ሰው ከቆመበት ወድቆ ከተሰበረ ይህ ስብራት ምልክት ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተሰበረ ሰው ዳግመኛ የመሰበሩ ዕድል እጥፍ ያህል ይሆናል። የእጅ አንጓ ስብራት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣ መልእክተኛ ነው፤ ዳሌ ከኋላ ይከተላል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል ደግሞ ከአምስቱ አንድ ያህሉ፣ በብዙ ቦታም ከዚያ የሚበልጡት፣ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የአኮ እጅ መልእክተኛ ነበር ማለት ነው። እኛ መልእክተኛውን በጀሶ ጠቅልለን፣ አክመን፣ መልእክቱን ሳንሰማ ሸኘነው።

መድኃኒት የለውም እንዳንል አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ዳሌያቸው የተሰበረና ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 2,127 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ለአንዱ ወገን በዓመት አንዴ ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠ። መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶ 13 ያህል ሲሞቱ፣ ካገኙት የሞቱት ከመቶ 10 ያህል ነበሩ፤ ዳግም መሰበሩም በግልጽ ቀነሰ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የሚባል ክኒንም አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ዘመናት አልፈዋል።

አንባቢ ሆይ! «ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ነው፤ በሠለጠነው ዓለም ሐኪሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ» ትል ይሆናል። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስፔን፣ በእንግሊዝና በኒውዚላንድ ከ3,400 በላይ የአጥንት ሐኪሞች ተጠይቀው፣ ግማሽ ያህሉ ስለ አጥንት መሳሳት በቂ ትምህርት አላገኘንም ብለው መልሰዋል። ስብራቱን በብረትና በብሎን የሚያስደንቅ አድርገው ይጠግናሉ፤ ለምን ተሰበረ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ጥያቄው የማን ነው የሚለው ነው።

አንድ የአጥንት ሐኪም ወዳጄን ይህንኑ ባነሣበት ተቆጣ። «በአንድ ሌሊት ተረኝነት ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ የጨፈለቃቸው ሦስት አራት ወጣቶች ይመጡብኛል። አልጋ የለም፣ ደም የለም፣ ብረት የለም። አንተ ስለ አሮጊት አጥንት መሳሳት ታወራለህ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ሰው በሐሜት የሚነካ ሰው አንድ ሌሊት ከእሱ ጋር ይዋል። ሆኖም ሰበቦቹን አንድ በአንድ ብንመረምራቸው ሁሉም እኩል አይከብዱም።

መጀመሪያ መሣሪያ የለም ይባላል። የአጥንትን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ ውድ ነው፤ በየከተማው የሚገኝም አይደለም። ነገር ግን ከቆመበት ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ፣ ያለ መሣሪያም ቢሆን በስብራቱ ብቻ አጥንቱ እንደሳሳ መናገር እንደሚቻል የሙያው ሊቃውንት ተስማምተዋል። ዋናው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ከየት ወደቁ? ከዚህ በፊት ተሰብረው ያውቃሉ? ቁመትዎ ቀንሷል ወይ? እናትዎ ወይም አባትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር? ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ወስደዋል? ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ዋጋውም የአንድ ብርጭቆ ሻይ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ የደጋ ሰው ጠንካራ ነው ይባላል። አርሲ የእነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ የእነ ደራርቱ ቱሉ፣ የእነ ቀነኒሳ በቀለ አገር ነው፤ ማን ስለ አጥንት ይነግረናል እንላለን። ፀሐይም ሞልቶናል እንላለን። ሆኖም ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ10 ልጆች 4 ያህሉ አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል፤ የከተማው ልጅ ከገጠሩ ብሶ ተገኝቷል። የሚሮጥ ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ ከምድጃ ዳር የማትነሣ አሮጊት እንዴት ልትሆን ነው? ከዚህም ሌላ በ1990 እ.ኤ.አ. የአገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ቀድሞ ይህ በሽታ ብዙ ያልታየን፣ እስኪታይ የሚኖር ሰው ጥቂት ስለነበረም ነው። አላህ ዕድሜ ሲጨምርልን ከዕድሜው ጋር የሚመጣውን ኃላፊነትም ጨምሮልናል።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ወጌሻ ዘንድ ነው የሚሄደው ይባላል። ይሄዳል። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ክፍያው ይቀላል፤ ቋንቋውም የራሳችን ነው። እጅግ አጥብቆ በቀርከሃ ሲያስር ግን ደም ቆሞ እግርና እጅ እየበሰበሰ፣ በተለይም ሕፃናት ለመቆረጥ እየተዳረጉ መሆኑን የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት የቁርጡባው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ ሠላሳ ክፍል ባለው «አት-ተስሪፍ» መጽሐፉ የቀዶ ጥገናው ክፍል ላይ፣ አንድ ደመወዝ የሚከፈለው ሐኪም የተሰበረና የቆሰለ እግር አጥብቆ አስሮ ልጁን ለሞት እንዳበቃው ያየውን ተርኳል። ያንን ሰው የወቀሰው እጁ ስለከበደ ሳይሆን ስላላወቀና ለማወቅም ስላልጣረ ነው።

በእኔ ዓይን ግን ወጌሻውና ዘመናዊው ሐኪም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ምሰሶ ወድቆ ጎጆ ቢዘነበል፣ አንዱ በገመድ ሌላው በብረት መልሶ ያቆመዋል። ምሰሶውን ምስጥ በልቶት እንደሆነ ግን ሁለቱም አይመለከቱም። ምስጡ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሌላው ምሰሶ ተራውን ይጠብቃል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቀደምት የፊቅህ ሊቃውንት፣ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ብለዋል። ሙያውን አውቆ፣ በሙያው ወግ የሠራን ሐኪም ግን ውጤቱ ባያምርም አይጠይቁትም። የእኛ ወጣት ሐኪም ከሁለተኛው ወገን ነው። በተማረው ልክ ሠርቷል። መምህሩ ያላስተማረውን፣ አለቃው ያልጠየቀውን፣ የሕሙማን ካርዱ ቦታ ያላበጀለትን ነገር ለምን አላደረግህም ብሎ እሱን ብቻ መያዝ ግፍ ነው።

ይህ ማለት ግን ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። የሰው ልጅ ሕሊና የሚታለለው እዚሁ ላይ ነው። የአጥንቱ ሐኪም «ይህ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሥራ ነው» ይላል። የውስጥ ደዌው ሐኪም በሽተኛዋን አይቷት አያውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ተጠያቂ ናት። ቤተሰቡ «ሐኪሙ ካላለ ምን አገባን» ይላል። እያንዳንዱ ለየብቻው ንጹሕ ነው፤ አሮጊቷ ግን ሞታለች። ፈርድ ኪፋያ የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም ኃጢአተኛ ነው። ኢማሙል ገዛሊ ሕክምናን ከዚሁ ወገን ቆጥረውታል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ጥያቄው የማንም ካልሆነ የሁሉም ነው የሚለውን ነው። የአንዱ ሐኪም ዑዝር የሙያ ማኅበሩን፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱን፣ የጤና ሹሙን፣ የጋዜጠኛውንም ዑዝር አይሆንም።

መፍትሔውም ሰማይ አይደለም። በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው፤ ተሰብሮ የመጣውን እያንዳንዱን ሰው ስም መዝግባ፣ ለምን ተሰበረ ብላ ጠይቃ፣ ወደሚያክመው የምትመራ አንዲት ነርስ መደቡ። ጥያቄው ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ዘዴው ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተዛምቷል። አርሲ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አሰላም ሐኪም የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። አንዲት ነርስና አንድ መዝገብ ይከብዱናል ብዬ አላምንም።

«ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው» የሚሉ አሉ። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው። ሆኖም የግመሉን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ መመካት የሚመጣው ካሰሩ በኋላ ነው። «እርጅና ነው» ለሚሉትም አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ለጌታቸው በምስጢር አቤት ባሉ ጊዜ መጀመሪያ ያነሡት የአጥንታቸውን መድከም ነበር። አጥንታቸው ደክሟል፣ ራሳቸውም ሸብቷል። ታዲያ ምን ተባሉ? «እርጅና ነው» ተብለው አልተመለሱም። የተሰጣቸው ብሥራት ነው። ከሁሉ የሚያውቀው ጌታ የሽማግሌን አቤቱታ በዕድሜው ካልዘጋው፣ እኛ ማን ሆነን እንዘጋለን?

አሁን የራሴን ድርሻ ልናገር። አኮ በእነዚያ አራት ዓመታት አጥረው ነበር። ቀሚሳቸው መሬት መጥረግ ጀምሮ ነበር፤ ቀድሞ ቆመው የሚያወርዱትን የቅቤ ቅል በርጩማ ላይ ካልወጡ አይደርሱበትም ነበር። ጀርባቸው ጎብጧል። እነዚህ ሁሉ የአከርካሪ አጥንት እየደቀቀ እንደነበር ይመሰክራሉ። በየዓመቱ ለዒድ ስሄድ አያለሁ። አይቼም ምን አልኩ? «አኮ አረጁ» አልኩ። ዲግሪ ነበረኝ፤ የማንበብ ጊዜ ነበረኝ፤ ሌላውን መጠየቅ ሙያዬ ነበር። ሐኪሙ አላወቀም፤ እኔ ደግሞ ማወቅ አልፈለግሁም። ከሁለታችን ማን ይብሳል? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ደረጃ ስትወርድ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ያው እጅ፣ ያው ቦታ። ያከመቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጀሶው ከታሰረ በኋላ «ዶክተር፣ ለምን ተሰበረች?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር «እርጅና ነው» ትላለች ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ትንሽ ዝም አለችና «በዚህ ጉዳይ ላይ በቂ ዕውቀት የለኝም። ዛሬ አንብቤ ነገ ጠዋት ልጠብቃችሁ» አለች። አላውቅም ማለትን ዑለማዎቻችን የዕውቀት ግማሽ ያደረጉት ለካ በከንቱ አይደለም። በማግስቱ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ ቆየችን። የወር አበባዋ መቼ እንደቆመ፣ ምን እንደምትበላ፣ ፀሐይ እንደምታገኝ፣ ዓይኗ በደንብ እንደሚያይ እናቴን ጠየቀቻት። ከዚያም ወደ መጨረሻው ስትደርስ «እናትሽ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል ወይ?» አለቻት።

እናቴ አየችኝ። እኔም አየኋት። «አዎ» አልን።

ያ መልስ በካርዱ ላይ ተጻፈ። ሕክምናዋም በእሱ ጭምር ተወሰነ። አኮ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ለልጃቸው መሰከሩላት። ቀድሞ ቢጠየቁ ኖሮ ለራሳቸውም ይመሰክሩ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ! ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ስትገቡ እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ ጎረቤት ያለችውን አሮጊት ተመልከቱ። ቀሚሷ ረዝሞባታል? ጎብጣለች? በትንሽ መውደቅ ተሰብራ ታውቃለች? ወተቱን ለገበያ ስናወጣ ለእሷም ይቅር። ጠዋት ከግቢዋ ወጥታ ፊቷንና እጇን ፀሐይ ታሙቅ፤ በገዛ ግቢ ፀሐይ መሞቅ ከሐያእ ጋር አይጣላም። ከደጃፏ የሚያዳልጠውን ጭቃ ድንጋይ አንጥፉበት። ከሐኪም ፊት ስትቀርቡም ስብራቱን ብቻ አታሳዩ፤ «ለምን ተሰበረ?» በሉ። ሐኪሞች ሆይ፣ እናንተም ጥያቄው ሲቀርብላችሁ ቢያንስ አትሳቁ። እኛ አንድ ጊዜ ስቀን አይተነዋል።

ወላሁ አዕለም።